ከከሰል ጉድጓድ ወደ ጸጥታው መንገድ

ግራና ቀኙን ዛፍ የተሰለፈበት፣ የመኪና ጡሩምባ የማይሰማበት፣ ጭር ያለ የገጠር መንገድ በፎቶግራፍ ስናይ «እግዜር ያደላቸው አገር» ብለን ገጹን እንገልጣለን። መንገዱ ከወንዙና ከጫካው ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለናል። ታሪኩን የተከታተለ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ዛሬ በምዕራብ አውሮፓ ብስክሌተኛ እየተዝናና ከሚሄድባቸው ጸጥ ያሉ መንገዶች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ጸጥታቸውን ተቀምተው የነበሩ ናቸው። የተመለሰላቸውም ሰዎች ተከራክረው፣ አንዳንድ ቦታም ልጆቻቸውን ቀብረው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለማውጋት ከሊምቡርግ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ሊምቡርግ በቤልጂየም ሰሜን ምሥራቅ ዳር፣ ከኔዘርላንድ ጋር የምትዋሰን ክፍለ ሀገር ነች። የቤልጂየም ብስክሌት ሲነሣ ብዙው አንባቢ የሚያስበው እሽቅድምድምን ነው፤ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2022 የጌንት-ቬቬልጌምን ውድድር አሸንፎ ጉድ ያሰኘው በዚያው አገር ነውና። ሊምቡርግ ስሟ የገነነው ግን በማይቸኩለው ብስክሌተኛ ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ጠዋት በኤሌክትሪክ ብስክሌታቸው ወጥተው፣ ጫካውንና የፍራፍሬ ማሳውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ዞረው፣ ለራት ቤታቸው የሚገቡባት አገር ነች። ከአርባ ዓመት በፊት ይህችው ክፍለ ሀገር የምትታወቀው በድንጋይ ከሰል ነበር። ከዚያ ወደዚህ እንዴት እንደተደረሰ ነው የምናየው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብስክሌተኛው ያስጠረገው መንገድ

በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ የደን ሹም ሁለት መንኮራኩር ፊትና ኋላ በተሰካበት እንጨት ላይ ተፈናጦ፣ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ከማንሃይም ከተማ ወጣ። ፔዳል የለው፣ ካቴና የለው፤ የገጠሩን መንገድ ይዞ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ ተመለሰ። የብስክሌት ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ በገጠር ሽርሽር ነው ማለት ይቻላል። ፔዳሉ በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ መጣ። በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለት እኩል ጎማ ያለውን፣ የኋላውን ጎማ በካቴና የሚያሽከረክረውን «ሮቨር» ሠራ። በ1888 ደግሞ ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ አወጣ። ዛሬ በየመንደሩ የምናየው ብስክሌት በመሠረቱ ያኔ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ይህ ዕቃ ዋጋው እየረከሰ ሲሄድ ያመጣውን ለውጥ በዛሬ ዓይን መገመት ያዳግታል። ፈረስ ለመግዛት አቅም ያልነበረው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ በእሑድ ቀኑ እግሩ ከሚያደርሰው አልፎ ሌላ መንደር አየ። ያለ አጃቢ ከቤት እንዳትወጣ ትከለከል የነበረችው ሴት ብቻዋን ወጣች። አሜሪካዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሱዛን አንተኒ በ1896 ለሴቶች ነፃነት ብስክሌትን ያህል የረዳ ነገር እንደሌለ የተናገረችው ያለ ምክንያት አልነበረም።

መንገዱ ግን ጭቃና አቧራ ነበር። ስለዚህ ብስክሌተኞች ማኅበር አቋቋሙ። በእንግሊዝ በ1878፣ በአሜሪካ በ1880፣ በኔዘርላንድ በ1883 የተመሠረቱት ማኅበራት ዋና ጥያቄያቸው «መንገድ ይስተካከልልን» የሚል ነበር። የኔዘርላንዱ ማኅበር በየመስቀለኛው መንገድ የአቅጣጫ ምልክት ማቆም ጀመረ። በ1919 ያስተከላቸው እንጉዳይ የመሰሉ አጫጭር ምልክቶች ዛሬም በጫካና በዱር መንገድ ላይ አሉ። ዝቅ ተደርገው የተሠሩት ለብስክሌተኛና ለእግረኛ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ግን አሳዛኝም አስቂኝም ነው። ብስክሌተኛው ጮኾ ያስጠረገውን መንገድ መኪና ወረሰው። የኔዘርላንዱ ማኅበር ራሱ ዋነኛ የመኪና ባለቤቶች ድርጅት ሆነ፤ በምሕጻር የሚጠራበት ስሙ ግን ሲተረጎም እስከ ዛሬ «የብስክሌተኞች ማኅበር» ማለት ነው። የኔዘርላንድ መንግሥት ከ1924 ጀምሮ በብስክሌት ላይ ግብር ጣለ። ከፋዩ ትንሽ የናስ ሰሌዳ እየተሰጠው ብስክሌቱ ላይ ይለጥፋል። ሥራ አጥ ለሆነ ሰው ሰሌዳው በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን መሐሉ ይበሳል። ድህነቱን በቀዳዳ አስመዝግቦ እንዲሄድ ማለት ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከ1927 ወዲህ ለአውራ ጎዳና ሥራ በተቋቋመው ፈንድ ውስጥ ይገባ ነበር። እንግዲህ ብስክሌተኛው ከመንገድ የሚያስወጣውን ጎዳና በገዛ ኪሱ አሠራ። ግብሩ የቀረው በ1941 በጀርመን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ወራሪው ጦር በዓመቱ ብስክሌቱን ራሱን መውረስ ጀመረ። የኔዘርላንድ የእግር ኳስ ደጋፊ ጀርመን ባየ ቁጥር «መጀመሪያ ብስክሌቴን መልስ» እያለ ለብዙ ዓመት ሲቀልድ የኖረው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀብት መጣ፤ ከሀብቱም ጋር መኪና። ከተሞች ቤት እያፈረሱ ጎዳና አሰፉ። የመንደር መንገድ ላይ መኪና በፍጥነት መብረር ጀመረ። በ1971 በኔዘርላንድ በመኪና አደጋ የሞተው ሰው 3,300 ያህል ደረሰ። ከነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ፣ በእግራቸው ወይም በብስክሌታቸው ላይ እያሉ የተገጩ ናቸው።

ልጁን በዚህ ዓይነት ያጣ አንድ ጋዜጠኛ በ1972 በሚሠራበት ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርእሱ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ነበር። አደጋ አላለውም፤ ግድያ ነው ያለው። ርእሱ ወዲያው የአንድ ንቅናቄ ስም ሆነ። እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ላይ ተቀመጡ፤ ጠረጴዛ ዘርግተው መንገድ ዘጉ፤ የምክር ቤት አባላትን ደጅ ጠኑ። በ1973 መጨረሻ የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ለኔዘርላንድ ነዳጅ አንሸጥም ሲሉ መንግሥት በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሰዉ በባዶው አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌት፣ በእግር፣ በፈረስ ሳይቀር ወጣ። ያ እገዳ የቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ትውልድ መንገድ ያለ መኪና ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ፤ ያየውንም አልረሳም። የዛሬው የኔዘርላንድ የብስክሌት መንገድ መረብ የመነጨው ከዚያ ለቅሶና ከዚያ ማየት ነው።

የሰባቱ ጉድጓዶች አገር

አሁን ድንበሩን ተሻግረን ወደ ሊምቡርግ እንግባ። በ1901 አስ በተባለች መንደር አጠገብ አንድሬ ዱሞን የተባለ መሐንዲስ ባስቆፈረው ጉድጓድ የድንጋይ ከሰል ተገኘ። ቀደም ሲል በአሸዋማ መሬቷና በድህነቷ ትታወቅ የነበረችው ክፍለ ሀገር ሰባት ማዕድን ማውጫዎች ተከፈቱባት። የአገሬው ገበሬ ብቻ አልበቃም፤ ከፖላንድ፣ ከጣሊያን፣ ከግሪክ፣ በኋላም ከቱርክና ከሞሮኮ ሠራተኛ መጣ። ከመሬት በታች ከመቶዎች ሜትር ጥልቀት ላይ የሚሠራ አባት፣ ከመሬት በላይ ልጁን አስተማረ፣ ቤት ሠራ።

ዋሻዎቹ እንዳይደረመሱ የሚደግፋቸው ግንድ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በአሸዋማው ሜዳ ላይ ጥድ በረድፍ በረድፍ ተተከለ። አንባቢ ይህን ጥድ ያስታውስልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ነዳጅ ዘይትና ከውጭ የሚገባ ርካሽ ከሰል ሲበዛ የሊምቡርግ ማዕድን ከሰረ። በ1966 ዝቫርትቤርግ የተባለው ጉድጓድ ሊዘጋ ነው ተብሎ ሠራተኛው ሲነሣ በተፈጠረው ግጭት ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ሌሎቹን በድጎማ ሃያ ዓመት ያህል አቆየ። ከ1987 ጀምሮ ግን ተራ በተራ ተዘጉ፤ የመጨረሻው፣ ዞልደር፣ በ1992 ተዘጋ። ሰው የሚያውቀው ሥራ፣ አባት ለልጅ የሚያወርሰው ኩራት፣ መንደሩን ያቆመው ደመወዝ በአምስት ዓመት ውስጥ አለቀ። የቀረው ጥቁር የአፈር ክምር፣ ዝምተኛ የብረት ማማና ባቡር የማይሄድበት ሐዲድ ነበር።

ቁጥር ይዞ መሄድ

ሁጎ ቦለን የማዕድን መሐንዲስ ነበር። የሱ ሐሳብ ለሰሚው ቀላል ነው። በዚያን ዘመን የብስክሌት ሽርሽር መንገድ የሚባለው አንድ የተዘጋ ዙር ሆኖ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ዓይነት ምልክት የሚከተሉበት ነበር። ዙሩ አርባ ኪሎ ሜትር ከሆነ አርባ ነው። ልጅ ቢደክም፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ወይም ደስ ያለው ሰው ልጨምር ቢል መላ የለውም። ቦለን ያለው፦ ዙሩን እንተወው፤ ጸጥ ያሉት መንገዶች የሚገናኙበትን መስቀለኛ ሁሉ ቁጥር እንስጠው፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ወደሚቀጥሉት ቁጥሮች የሚያመለክት ቀስት እናድርግ፤ የቀረውን ሰዉ ራሱ ይምረጥ። እንበል ከ12 ተነሥቶ ወደ 31፣ ከ31 ወደ 8 መሄድ የፈለገ ሰው ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ይወጣል። 31 ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ቢለውጥ ሌላ ቀስት ይጠብቀዋል።

ዕድሜውን ከመሬት በታች ካሉ መተላለፊያዎች ጋር ያሳለፈ ሰው ይህን ማሰቡ አያስገርምም። በጉድጓድ ውስጥ ፀሐይ የለ፣ ተራራ የለ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት የለ፤ መንገድ የሚገኘው በምልክት ብቻ ነው።

መረቡ በ1995 ተከፈተ። የመጨረሻው ጉድጓድ ከተዘጋ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ዛሬ የሊምቡርጉ መረብ ብቻውን ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አብዛኛው መንገድ አዲስ አለመሆኑ ነው። የገበሬ ትራክተር የሚሄድበት የሲሚንቶ መንገድ፣ ጀልባ የሚጎተትበት የነበረ የቦይ ዳርቻ፣ ከሰል የጫነ ባቡር ይመላለስበት የነበረ መስመር፣ የጫካ ጥርጊያ ተለቅሞ ነው እርስ በርሱ የተያያዘው። አዲስ የነበረው ውሳኔው ነው። በብዙ ትንንሽ መንገዶች መግቢያ ላይ ከአካባቢው ነዋሪና ከገበሬው በቀር መኪና እንዳይገባ የሚል ምልክት ቆመ። ጸጥታው የመጣው ከዚያ ምልክት ጀርባ ነው። ሐሳቡም በዚያ አልቀረም፤ ወደ ቀረው የፍላንደርስ ምድር፣ ወደ ኔዘርላንድ፣ ኋላም ወደ ጀርመን ተሻገረ።

ብስክሌተኛው የሚያየው ብዙ ነው። በደቡብ፣ ሃስፔንጋው በሚባለው ወጣ ገባ መሬት፣ በሚያዝያ የፖምና የቼሪ አበባ ኮረብታውን ነጭ ያደርገዋል። ቦክራይክ በተባለ ስፍራ በ2016 የተከፈተ 212 ሜትር መንገድ ኩሬውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ብስክሌተኛው ውኃው መሐል ገብቶ ሲሄድ የውኃው ፊት ከዓይኑ ትይዩ ይሆናል፣ ዳክዬውም አጠገቡ ይዋኛል። ኤይስደን የተባለው የቀድሞ ማዕድን ማውጫ በ2006 ለተከፈተው የሆገ ኬምፐን ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ሆኗል፤ ጥቁሩ የአፈር ክምር ዛሬ ሰው ወጥቶ አገር የሚቃኝበት ኮረብታ ነው።

አስታውሱልን ያልነው ጥድም አለ። ሄክተል-ኤክስል አጠገብ ባለው ጫካ በ2019 አንድ የብረት መንገድ ተሠራ። 700 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን በክብ እየዞረ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጥቶ ከመሬት አሥር ሜትር ከፍ ይላል። ብስክሌተኛው በጥዱ ቅርንጫፍ መካከል ይጓዛል። ያ ጫካ ለዋሻ ድጋፍ ተብሎ የተተከለ ነው። ከመሬት በታች ሊቀበር የነበረ ዛፍ የሚደግፈው ዋሻ አጥቶ ቆሞ ቀረ፤ ሰውም በቅርንጫፉ ከፍታ አለፈ።

ሞተሩ ያመጣቸው ሰዎች

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ ደረስን። ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ ብስክሌትን የትናንት ፈጠራ አድርጎ ያየዋል። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ነዋሪ የነበረው አሜሪካዊ ኦግደን ቦልተን የኋላ ጎማው እምብርት ላይ ሞተር የተገጠመለትን ብስክሌት የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ግን በ1895 ነው። ሐሳቡ መቶ ዓመት ያህል ተኝቶ የቆየው በባትሪ ምክንያት ነው፤ የዘመኑ የእርሳስ ባትሪ ከባድ ሆኖ የሚይዘው ጉልበት ግን ጥቂት ነበር።

የተኛው የነቃው በጃፓን ነው። ያማሃ በ1993 ለገበያ ያቀረበው ብስክሌት ሞተሩ ነጂውን ተክቶ የሚነዳ አልነበረም። ሰውየው ፔዳሉን ሲረግጥ ኃይሉን ይለካና የረገጠውን ያህል ያግዘዋል፤ መርገጥ ሲያቆም ሞተሩም ያቆማል። የመጀመሪያው የእርሳስ ባትሪ ነበረው፤ ሶኒ በ1991 መሸጥ የጀመረው የሊቲየም ባትሪ እየረከሰ ሲመጣ ግን ብስክሌቱ ቀለለ፣ መንገዱም ረዘመ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው ደንብ የሞተሩ ጉልበት ከ250 ዋት እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛው እንዲቋረጥ ወሰነ። ይህን ወሰን ያለፈ እንደ ሞተር ብስክሌት ይቆጠራል።

250 ዋት ጥቂት ይመስላል። ጤነኛ ሰው ሳይቸኩል ፔዳል ሲረግጥ የሚያወጣው ግን ከ75 እስከ 100 ዋት ያህል ነው። በሜዳ ለአንድ ኪሎ ሜትር አሥር ዋት-ሰዓት ገደማ ይበቃል። በሌላ አነጋገር የኤሌክትሪክ ምጣዳችን አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የሚፈጀው ኃይል አንድን ሰው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያግዘዋል።

ይህ እገዛ ለጎረምሳው ቅንጦት ነው። ጉልበቱ ለደከመ፣ ልቡ ለታመመ፣ ነፋስና ዳገት ለሚያሸንፈው ሽማግሌ ግን ሌላ ነገር ነው። በሃያ ዓመቱ የሄደበትን መንገድ በሰባ ዓመቱ ደግሞ ያየዋል። ባል ጠንካራ፣ ሚስት ደካማ ብትሆን፣ ወይም ተቃራኒው ቢሆን፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከ2020ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በኔዘርላንድ ከሚሸጡት አዳዲስ ብስክሌቶች ግማሽ ያህሉ የኤሌክትሪክ መሆናቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ያልተዘጋ ሒሳብ

ነገሩ ሁሉ መልካም ነው ብለን ብንዘጋው ግን ታሪክ አይሆንም። የብስክሌት ሽርሽር ሻይ ቤትና አልጋ ቤት ያበዛል፤ ሰባት ጉድጓዶች ይሰጡት የነበረውን የሥራ ብዛት ግን አይተካም። የባትሪው ሊቲየም ራሱ ከመሬት የሚወጣ ነው፤ በሊምቡርግ የቀረው ቁፋሮ በሌላ ሰው አገር ይቀጥላል። አደጋውም አለ። በ2017 በኔዘርላንድ በመንገድ አደጋ የሞቱት ብስክሌተኞች 206፣ በመኪና ውስጥ ሳሉ የሞቱት 201 ነበሩ። የብስክሌተኛው ቁጥር ሲበልጥ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። የሰባ ዓመት አጥንት በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወድቆ እንደ ሃያ ዓመቱ አይነሣም። ሞተሩ ጉልበት ይመልሳል፤ ፈጥኖ የሚያይ ዓይንና ፈጥኖ ፍሬን የሚይዝ እጅ አይመልስም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል? ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል፣ መንገዳችን ጸጥ ሊል ነው ብሎ ያሰበ ሰው ሳይኖር አይቀርም። የሊምቡርግ ታሪክ የሚነግረን ግን ድምፅ የሌለው ሞተር ድምፅ የሌለው መንገድ አለመሆኑን ነው። የሕፃኑን ሕይወት የሚቀጥፈው ፍጥነቱና ክብደቱ እንጂ ጡሩምባው አይደለም። የገጠር መንገዳችን ደግሞ ገና አስፋልት ሳይነካው የሰው ነበር፤ ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ አህያው፣ ውኃ የቀዳችው ልጅ የሚሄዱበት። አስፋልት ሲመጣ እነዚህ ሁሉ ወደ ዳር ይገፋሉ።

አውሮፓውያኑ የገፉትን ሰው ወደ መንገዱ ለመመለስ ብዙ ዓመትና ብዙ ሬሳ ፈጅቶባቸዋል። መንገድ ሲታቀድ፣ አስፋልቱ ሳይነጠፍ በፊት፣ «ይህኛው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ ሁሉ ይቀላል። የሊምቡርግ ሰዎች ጥያቄውን የጠየቁት ከሰሉ ካለቀ በኋላ ነው። መልሳቸውም በየመስቀለኛው መንገድ በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በነጭ ቁጥር ተጽፎ ይታያል።